ለአያ አንበሶ ጀርባ የተሠራው የእንጨት ክንድ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ። የሚያንቀላፋ ካለ ግን ቤቱ ሄዶ ይተኛ፤ ለሚያንኮራፋ አላወራም።

ድሮ ድሮ፣ አያ አንበሶ ከጃርት ጋር ሲታገል እሾህ ጀርባው ላይ ተሰካበት። እሾሁ ተሰብሮ አከርካሪው አጠገብ ቀረ። ካልወጣ ይመግላል። ሲወጣ ወደ ጎን ካለ ደግሞ አከርካሪውን ይነካና እግሮቹ ይሽመደመዳሉ። አድኖ የማይበላ አንበሳ ደግሞ ምን ንጉሥ ይባላል?

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ዙፋኑን ከጎመጀ ቆይቷል።

እሾህ በማውጣት የታወቀችው ጦጢት ተጠራች።

«ያምዎታል ጌታዬ?»

«አንበሳ አያመውም።»

እጇን ሰደደች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ። የአንበሳ ጥርስ እያየ የማይንቀጠቀጥ እጅ የማን ነው? ተወችው።

ሄዳ የእንጨት ክንድ ሠራች። ጫፉ ላይ ወረንጦ አለው። ባነጣጠሩለት መስመር ይወርዳል፣ በዚያው ይመለሳል። መሬት ላይ ተከለችው።

«ያምዎታል ጌታዬ?»

«አንበሳ አያመውም አልኩሽ።»

ክንዱ ውልፍት ሳይል ወረደ። ወረንጦው ሲነካው ግን አያ አንበሶ ሽምቅቅ አለ። ወረንጦው አከርካሪውን ለጥቂት ሳተ። ጦጢት ደንግጣ ቶሎ መለሰችው።

«እንጨቱ ዋሸ» አለ አያ ጅቦ።

«እንጨቱ የታዘዘበት ሄዷል። ጀርባው ነው ከቦታው የሄደ። ክንዱን ከጀርባው ጋር ማሰር ነው» አለች ጦጢት።

አያ ጅቦ ሳቀ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እንሰማ ነበር። ዛሬ ልናየው ነው።»

አያ አንበሶ አገሳ። «ማን ነው እኔን የሚያስር?»

«ማን ደፍሮ ጌታዬ?» አለች ጦጢት። «የሚታሰረው ክንዱ ነው። እርስዎ ሲተነፍሱ አብሮ ይነሳል፣ ሲሸማቀቁ አብሮ ይሸማቀቃል። ሎሌዎ ነው።»

ይህን ወደደው። «እንግዲያ እሱ ይታሰር» አለ። ታሰረ።

«ያምዎታል ጌታዬ?»

አያ አንበሶ ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያመኛል ልጄ። አንቺ ካነጣጠርሽበት ትንሽ ዝቅ ብሎ» አለ።

ጦጢት ወረንጦውን ዝቅ አድርጋ አነጣጠረች። አያ አንበሶ ተሸማቀቀ፣ ክንዱም አብሮት ተንቀሳቀሰ። እሾሁ በገባበት ወጣ።

ለካስ አያ ጅቦ ይሄኔ ዙፋኑ ላይ ጉብ ብሏል። የአያ አንበሶ እግሮች መዳናቸው የታወቀው እሱን ሲያባርሩት ነው። እስከ ወንዙ ማዶ አባረሩት፤ ዳግመኛም አልተመለሰ።

እኔ ይህን ሳወራ ሁሌም ደስ ይለኛል። ክንዱ ያላንዳች ስህተት ወርዷል፤ የት እንደሚወርድ የነገረው ግን በሽተኛው ነው። ተረቴን እናንተ ያዙ፣ ለእኔ ውኃ ስጡኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።