ግቢውን ያቆሸሸችው ስቴሽን ዋገን

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዕድሜ የጠገበች ስቴሽን ዋገን ነበረችው። በየምሳ ሰዓቱ ኮፈኗን ከፍቶ ካርቡሬተሯን ያጸዳል፣ ካንዴላዋን ይፈትሻል፤ ከዚያ ባልደረቦቹን ጭኖ አንድ ዙር ያንሸራሽራቸዋል።

አዲስ የተሾመው ሥራ አስኪያጅ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ሲወርድ አያትና ፊቱ ጠቆረ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣

«ይህን ቆርቆሮ ከነገ ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ እንዳላየው! ለመሆኑ ለዚህ መሥሪያ ቤት ምን ይጠቅማል?» ሲል ጮኸ።

ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሦስት ሥራ አስኪያጆች በተሻሩ ዕለት የመሥሪያ ቤቱን መኪና እዚሁ በር ላይ ተነጠቁ። ከነካርቶናቸው ቤታቸው ያደረሰቻቸው ይቺው ቆርቆሮ ናት። ካሉኝ አስወጣታለሁ፤ ብቻ የእርስዎ ቤት ሩቅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»