አንዴ ብቻ የሚጠይቁበት አገር

አንድ ወጣት መልእክተኛ ነበረ፤ ስሙ መርክነህ። የወላይታ ልጅ ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ ደወል የመሰለ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቱም አንደኛ የወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ "ሂድና ወንጌልን ንገር" ብላ ኬንያ ውስጥ፣ በትልቁ ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ የመልእክተኞች ማሠልጠኛ ላከችው። ሐይቁ መካከል ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ደሴት አለች። ወደዚያች ደሴት የሚሄደውን ቡድን የሚመራው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ከሠልጣኞቹ መካከል ይመረጣል ተብሏል። መርክነህ ከአገሩ ሲነሣ ጀምሮ ያሰባት እሷኑ ነው። በሕልሙም በውኑም ደሴቲቱ ላይ ቆሞ ይሰብክ ነበር። ሌላ ሰው ቆሞ ይሰብክባታል ብሎ ግን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

የማሠልጠኛው ደንብ ሰውን ሁለት ሁለት እያደረገ ያጣምራል። የተጣመሩት አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ሰው ቤትም አብረው ይሄዳሉ። ለመርክነህ የደረሰው ቺሶሞ የሚባል የማላዊ ልጅ ነው። ቺሶሞ በአገሩ በብስክሌት ሰው እያፈናጠጠ ሲያመላልስ የኖረ፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ፣ ሳቁ ግን ከግቢው በር የሚሰማ ሰው ነው። መርክነህ ገና ሲያየው "ይሄማ ለእኔ አያሰጋም" አለና ወደደው። እንዲህ ያለው መውደድ ዕድሜው አጭር ነው።

አሁን መርክነህ ያደገበትን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። በእናቱ ቤት "ብላ" ሲሉት ዘሎ የሚቀርብ ልጅ ሆዳም ይባላል። "ጠግቤያለሁ" ይላል፤ "ኧረ በሞቴ" ይሉታል። "አሁን በልቼ መጣሁ" ይላል፤ ክንዱን ይዘው ይጎትቱታል። ያኔ እየከበደው እንደሆነ ሁሉ ይቀመጥና የቀረበውን ድራሹን ያጠፋዋል። በቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ነው። "ስበክልን" ሲሉት "ታላላቆቼ እያሉ?" ይላል። ሽማግሌዎቹ ይለምኑታል፣ ይማጸኑታል፤ ተገፍቶ እንደሚሄድ ሰው ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ማን ያውርደው! ይህ በአገሩ ጨዋነት ነው። ለማኙም ተለማኙም ጨዋታውን ያውቁታል፤ የሚታለልበት ሰው የለም።

እዚያ አገር ግን የሚለምነው ሰው ጠፋ።

በመጀመሪያው ቀን ለምሳ ኡጋሊ የሚሉት ጠንካራ የበቆሎ ገንፎና የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። የምታድለው ሴት ትልቁን ዓሣ አንሥታ "ላድርግልህ?" አለችው መርክነህን።

"አይ፣ ይቅርብኝ፤ ብዙም አልራበኝም።"

"እሺ" አለችና ዓሣውን ቺሶሞ ሳህን ላይ አሳረፈችው። ቺሶሞ "ተባረኪ እናቴ!" ብሎ ጭንቅላቱን ሳይቀር ጋጠው። መርክነህ ደረቁን ገንፎ እያላመጠ የጓደኛውን እያንዳንዷን ጉርሻ በዐይኑ ሸኘ።

በማግስቱ ለልምምድ አንዲት ባልቴት ቤት ሄዱ። "ተቀመጡ" አለቻቸው። ቺሶሞ በርጩማ ስቦ ቁጭ አለ። መርክነህ "ግድ የለም፣ እኔ እቆማለሁ" አለ። ተወችው። ጨዋታው ደርቶ፣ ሻዩ ተጠጥቶ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንደ ምሰሶ ተገትሮ ቀረ። ሲወጡ ባልቴቷ ቺሶሞን አቅፋ "ልጄ፣ ነገም ና" አለችው። መርክነህን ግን የቺሶሞ ዘበኛ መስሏት መሰለኝ፣ በግንባሯ ሰላም ብላ ለቀቀችው።

ክፍል ውስጥም ያው ነው። "ማን ይጸልይልን?" ሲባል መርክነህ ስሙ እስኪጠራ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ ቺሶሞ "እኔ!" ይላል። "ማን መዝሙር ያስጀምርልን?" ሲባልም "እኔ!" ይላል። ድምፁ እንደሆነ እንደ ዛገ በር ነው፤ ሰዉ ግን ይወደዋል።

በዚያ ሳምንት ቅናት መርክነህን እንደ ነቀዝ ውስጥ ውስጡን በላው። የቺሶሞ ሳቅ ጆሮውን ይቧጭረው ጀመር። ልብሱን ሲያጥብ ያፏጫል፤ ምን አግኝቶ ነው የሚያፏጨው? አረማመዱ አስጠላው። ጫማውን የሚያስርበት አኳኋን ሳይቀር አስጠላው። የባሰው ደግሞ ደንቡ ነው፤ የሚቀናበትን ሰው ሸሽቶ ጥላ ሥር እንኳ ብቻውን መቀመጥ አይችልም። ዞር ባለ ቁጥር ያ ጥርስ በጥርስ የሆነ ፊት አጠገቡ አለ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ቺሶሞ፣ "ወንድሜ መርክነህ፣ ዛሬም አልራበህም? እንዴት ያለ ጾመኛ ነህ! እኔም ምነው እንዳንተ በሆንኩ" አለው።

ልጁ ከልቡ ነበር። መርክነህ ግን ሽሙጥ መሰለውና ቂም ያዘ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። የማሠልጠኛው ኃላፊ ፓስተር ኦቲየኖ ይባላሉ፤ ጠጉራቸው የነጣ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ሠልጣኞቹን ሰብስበው ዙሪያውን አዩና ዐይናቸውን መርክነህ ላይ አሳረፉ።

"መርክነህ፣ ትምህርትህን አይቻለሁ። ወደ ደሴቲቱ የሚሄደውን ቡድን ትመራልኛለህ?"

የመርክነህ ልብ ደረቱን ጥሳ ልትወጣ ደረሰች። አፉ ግን የእናቱ ቤት አፍ ነው። ተነሥቶ አንገቱን ሰበረና "ኧረ ፓስተር፣ እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ከእኔ የሚሻል ይፈለግ" አለ። ይህን ብሎ ልመናውን ጠበቀ።

"እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ ልጄ" አሉት። "ቺሶሞ፣ አንተስ?"

"እመራለሁ፣ ፓስተር! ይባረኩ!"

አለቀ። ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። መርክነህ ገና እንደቆመ ነው። እጁ ያጨበጭባል፣ አንጀቱ ያራል።

ሰዉ ቺሶሞን እያቀፈ ሲስመው እሱ ሹልክ ብሎ ፓስተሩን ተከተለና ቢሯቸው ገባ።

"ፓስተር፣ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል" ብሎ ጀመረ፤ ቀናተኛ ሲጀምር እንዲህ ነው። "ቺሶሞ መልካም ልጅ ነው፤ ግን ሆዳም ነው። የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። አንድ ቀን እንኳ 'ይቅርብኝ' ሲል ሰምቼው አላውቅም። ይኸው ኃላፊነቱንም እንደ ዓሣው ላፍ አደረገው። ትሕትና የሌለው ሰው እንዴት የወንጌል ሥራ ይመራል?"

ፓስተሩ እስኪጨርስ ጠበቁት። "አንተስ? መሪ መሆን ትፈልግ ነበር?"

"እኔማ ፓስተር፣ ጌታ የፈቀደው..."

"ጌታን ተወው። አንተ ትፈልግ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ስሰጥህ ለምን መለስክብኝ?"

መርክነህ መሬት መሬት እያየ "ይለምኑኛል ብዬ ነዋ" አለ።

ፓስተሩ አልሳቁም። "እኔ አልበቃም ስትል አመንኩህ። አንተን ማመኔ ነው ጥፋቴ? የደሴቲቱ ሰዎች ድሆች ናቸው፣ ልጄ። ከያዙት ላይ ቆርሰው አንዴ ይሰጡሃል። 'አይ' ካልካቸው ንቆናል ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ዳግመኛ አይጠይቁህም። አንተ ወደ እነሱ የምትሄደው ልታገለግላቸው ነው ወይስ ሊለምኑህ?"

ፓስተሩ ቀጠሉ።

"ስለ ጓደኛህ የነገርከኝንም እስቲ መልሰህ አስበው። ከሳህንህ አንሥቶብሃል? ከወንበርህ አስነሥቶሃል? ልጸልይ ስትል አፍህን ይዞሃል? አንተ የጣልከውን አነሣ እንጂ ምን ወሰደብህ?"

መርክነህ ይህን ጊዜ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። ግን ቀና ሳይል ወጣ።

ውጭ ቺሶሞ በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ደንቡ ነዋ። ውስጥ ምን ሲባል እንደነበር የሰማው ነገር የለም። መርክነህን ሲያይ ያ ሳቁ ፊቱን ሞላው።

"የት ጠፋህ? ስፈልግህ እዚህ ገባ አሉኝ። ስማ ወንድሜ፣ እኔ እሺ ማለቱንስ አልኩ፤ መጽሐፉን ግን እንዳንተ አላውቀውም። ምክትሌ ሆነህ አብረኸኝ ትሄዳለህ?"

ምክትል! የባለ ብስክሌት ምክትል! የመርክነህ ደም ፊቱ ላይ ወጣ። "ይቅርብኝ" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። የአሁኗ ደግሞ እንደ ድሮዎቹ የይስሙላ አልነበረችም፤ ከአንጀቱ የወጣች ነበረች። ተለምኖም እሺ የማይልባት። ቺሶሞ አፍ አፉን እያየ ነው። አንዴ ጠይቋል፤ አገሩም አስተዳደጉም ሁለተኛ መጠየቅን አላስተማሩትም።

መርክነህ ቃሏን መልሶ ዋጣት።

"እሺ፣ እሄዳለሁ" አለ።

ቅናቱ በዚያው ለቀቀው የሚላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል። ወደ ደሴቲቱ ጀልባ ላይ ሲሳፈሩ ቅናቱም አብሮ ተሳፍሯል፤ ቺሶሞ ባፏጨ ቁጥር ቀና እያለ ያያል። ነገር ግን ጀልባዋ ውስጥ ናቸው፤ ውኃው ላይ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ቆሞ የሰውን ጀርባ ከማየት ይሻላል።

እንግዲህ አስተውሉ። ይህን ልጅ ሌባ አልዘረፈውም፣ ጠላት አልገፋውም። የተመኘው ሁሉ በእጁ ሲሰጠው በአፉ እየመለሰ፣ የተቀበለውን ሰው ጠላ። ትሕትና ማለት የሚፈልጉትን አልፈልግም ማለት አይደለም፤ እሱ ልመና የጠማው ኩራት ነው። ትሑት ሰው የሚችለውን እችላለሁ ብሎ ይነሣል፤ ሥራው ለሌላ ሲሰጥም ከኋላ ሆኖ ይሸከማል።

አሁን እናንተም የምትቀኑበትን ሰው ፊታችሁ አቁሙት፤ መቼም አይጠፋም። አቁሙትና ራሳችሁን ጠይቁ፦ በእጁ ያለው ከእኔ የነጠቀው ነው ወይስ እኔው "ይቅርብኝ" ብዬ የመለስኩት? ነጥቋችሁ ከሆነ ክሰሱት። የመለሳችሁት ከሆነ ግን ተዉት፣ በሰላም ይብላበት።