እጅጌ ያጠረው መተኮሻ

ተረት ልጀምር ነው፤ «እሺ፣ ቀጥዪ» በሉኛ! ጮክ በሉ! የስፌት መኪናዬ እንኳ ከእናንተ ይበልጥ ይጮኻል። በሉ እንግዲህ ስሙ።

ጎንደር ውስጥ፣ ከእኔ ከልብስ ሰፊዋ ከአረጋሽ ቤት አጠገብ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ማንጠግቦሽ ትኖራለች። አንድ ቀን አንድ ነገር አማራት። ወርቅ አይደለም፣ ፎቅ ቤት አይደለም፤ ቅቤ ጣል የተደረገበት ሽሮ! አንዲት ጉርሻ ብቻ።

ጉርሻዋን ዋጥ ስታደርግ ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው የሐሞት ከረጢት ቆንጥጦ ያዛት።

«ምነው? ምን አደረግሁህ?» ብትለው፣

«ሆዴን ጠጠር ሞልቶታል! ከነጠጠሬ ካላወጣችሁኝ ቅቤ አላሳልፍም!» አላት።

ከረጢቱ ቅቤ አላሳልፍም አለ፤ የእትዬ ማንጠግቦሽም ሽሮ በረደ።

ልጇ ትርንጎ እናቷን ደግፋ ወደ ዶክተር አስናቁ ገሰገሰች። ትርንጎ የሐኪም ዕቃ ትሠራለች፤ እኔ ጨርቅ እንደማይ እሷ ብረት ታያለች።

«ዶክተር፣ ከረጢቱን አውጪልን።»

«አላወጣም!» አለች ሐኪሟ። «እናትሽ ስኳር አለባት፤ ሆዷን በሰፊው ብቀደው ቁስሉ አይሽርላትም። በጠባብ ቀዳዳ ልግባ ብል ደግሞ ከጉበቷ ጀርባ አንዲት የደም ሥር ተደብቃለች። ብትደማብኝ በኤሌክትሪክ ተኩሼ ደሟን የማቆምበት መተኮሻ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ዞሮ አይደርስባትም። የሚዞር አምጪልኝና አወጣዋለሁ።»

ሐኪሟ አላወጣም አለች፤ ከረጢቱ ቅቤ አላሳልፍም አለ፤ የእትዬ ማንጠግቦሽም ሽሮ በረደ።

ትርንጎ መተኮሻውን አነሳችና «በል ዙር!» አለችው።

«በምኔ?» አላት። «አንቺ ክርን አለሽ፤ እኔ ምን አለኝ? አንጓ ካላበጀሽልኝ አልዞርም!»

መተኮሻው አልዞርም አለ፤ ሐኪሟ አላወጣም አለች፤ ከረጢቱ ቅቤ አላሳልፍም አለ፤ የእትዬ ማንጠግቦሽም ሽሮ በረደ።

እሷም ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ቀለበቶች ደርድራ አንጓ አበጀችለት። «በል አንጓ፣ ታጠፍ!»

«ማን ጎትቶኝ? እንዲያው በምኞት ይታጠፋል? ሽቦ ካልሳበኝ አልታጠፍም!»

አንጓው አልታጠፍም አለ፤ መተኮሻው አልዞርም አለ፤ ሐኪሟ አላወጣም አለች፤ ከረጢቱ ቅቤ አላሳልፍም አለ፤ የእትዬ ማንጠግቦሽም ሽሮ በረደ።

ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ፈልጋ አስገባች። «በል ሽቦ፣ ሳብ!»

«እኔስ በሳብኩ! ግን ከላይ የለበስነው ላስቲክ ወጥሮ ይዞናል። እሱ ካልላላ አልስብም!»

ሽቦው አልስብም አለ፤ አንጓው አልታጠፍም አለ፤ መተኮሻው አልዞርም አለ፤ ሐኪሟ አላወጣም አለች፤ ከረጢቱ ቅቤ አላሳልፍም አለ፤ የእትዬ ማንጠግቦሽም ሽሮ በረደ።

«አንተ ላስቲክ፣ እባክህ ላላ በል!»

«አልላላም! በልኬ ተቆርጬ ትንፋሽ እንኳ አልተረፈኝም። ልላላ ብል ከጫፌ እነቀልና ያ ኤሌክትሪክ ሾልኮ ይወጣል። መጀመሪያ እሱን አደብ አስገዢው!»

«አንተ ኤሌክትሪክ፣ አደብ ግዛ!»

«አደብ? እኔ? ቀዳዳ አይቼ መቼ አልፌ አውቃለሁ! ጉበት ካገኘሁ ጉበት፣ አንጀት ካገኘሁ አንጀት እተኩሳለሁ። አንጓው ሲታጠፍ የማይገለጥ ልብስ ካላለበስሽኝ አደብ አልገዛም!»

ኤሌክትሪኩ አደብ አልገዛም አለ፤ ላስቲኩ አልላላም አለ፤ ሽቦው አልስብም አለ፤ አንጓው አልታጠፍም አለ፤ መተኮሻው አልዞርም አለ፤ ሐኪሟ አላወጣም አለች፤ ከረጢቱ ቅቤ አላሳልፍም አለ፤ የእትዬ ማንጠግቦሽም ሽሮ በረደ። እፎይ! ቆዩ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።

እንግዲህ ልብስ ከተባለ ወደ ማን ይኬዳል? ወደ እኔ ነዋ!

ያን ቀን ጎረቤታችንን አቶ ጎሹን ለልጃቸው ሰርግ የሚለብሱትን እጀ ጠባብ እየለካኋቸው ነበር። ትርንጎ ገባች፤ ፊቷ ዓመድ መስሏል። አልፈረድኩባትም። እናቷ ከመክሳቷ የተነሳ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጥብቤላታለሁ።

«አክስቴ፣ ልብሱ አጠረኝ» አለችና መተኮሻዋን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችው። አጠፍ ባደርገው ላስቲኩ ከጫፉ ሽሽት አለ፤ ብረቱ ብቅ አለ።

«ስትለኪው እንዴት አድርገሽ ነው የለካሽው?»

«ቀጥ አድርጌ! በሚሊሜትር ነው የለካሁት እኮ!»

ሳቄ መጣ። መርፌ በአፌ ባልይዝ ኖሮ ሰፈሩን አስነሳው ነበር።

«አንቺ ልጅ! ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ! እጅጌ የሚለካው ክንድ ታጥፎ ነው!»

«እኔንስ ይኸው» አሉ አቶ ጎሹ፣ «ክንዴን አሳጥፋ ገትራኛለች። ፎቶ የምነሳ ነው የምመስለው። አረጋሽ፣ አሁን ላውርደው?»

«አይውረድ! ይታይ! አየሽ ትርንጎ፣ እጀ ጠባብ ጠባብ ነው፤ እጅጌው ግን ከክንድ ይረዝማል። ትርፉ እዚህ ጋ ይሸበሸባል። ክንዱ ሲታጠፍ ሽብሽቡ ይዘረጋል፤ ክንዱ ሲዘረጋ ሽብሽቡ ይሰበሰባል። አይወጥርም፣ አይገለጥም። የአንቺ ላስቲክ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ትርፍ ነፍገሽው ነው!»

ትርንጎ እኔን ሳመች፣ አቶ ጎሹን ሳመች፣ የስፌት መኪናውን ሳመች፣ ወጣች። አቶ ጎሹ ክንዳቸው እንደታጠፈ ቀሩ።

አንጓውን አጥፋ ለካች፤ ላስቲኩን አስረዝማ ሸበሸበችው። ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ነክራ ሺህ ጊዜ አጠፈችው፣ ሺህ ጊዜ ዘረጋችው፤ አንዲት ብልጭታ አልሾለከችም። ሐኪሟም በበግ ጉበት ሞከረችው። ከዚያ የሆስፒታሉ ኮሚቴ አየ፣ ጠየቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ አየ፣ ፈረመ።

ያኔ ተመልከቱ! ላስቲኩ ላላ፤ ኤሌክትሪኩ መውጫ አጥቶ አደብ ገዛ፤ ሽቦው ሳበ፤ አንጓው ታጠፈ፤ መተኮሻው ከጉበቱ ጀርባ ዞረ፤ የደም ሥሯ ደማች፤ መተኮሻው ጭስ አድርጎ ተኮሳት፣ ደሟ ቆመ! ሐኪሟ ከረጢቱን ከነጠጠሩ አወጣችው። እትዬ ማንጠግቦሽ በሦስተኛው ቀን በእግሯ ቤቷ ገባች።

ሐኪሟ «አሁን ትችያለሽ» ያለቻት ዕለት ሽሮው ተሠራ፤ ቅቤው ጣል ተደረገ። እኔ በአንድ ወገን፣ ትርንጎ በሌላ ወገን። ጎረሰች። ዋጠች። እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። ጎኗን ዳበስ አደረገች።

«አንቺ አረጋሽ።»

«አቤት እትዬ! አመመሽ?»

«ጨው አንሶታል።»

ትርንጎ እየሳቀች አለቀሰች። እትዬ ግን ጨው አስጨምራ ድስቱን ጠራርጋ በላች። ከሁለት ወር በኋላ ቀሚሷ አልገባ አላት፤ ሁለቱንም ስፌት ተረተርኩላት። ሳጠብበው ትርፉን አልቆረጥኩትም ነበር፤ ውስጥ ለውስጥ አጥፌ አስቀምጬላት ነበር።

ተረቴን ክንዴን አጥፌ ለክቼላችኋለሁ፤ የተረፈውን እናንተ ሸብሽቡት።