ጓንቱን ማን ፈታለት?

አንድ ቦክሰኛ ነበረ፤ ከባድ ሚዛን።

አሰልጣኙ ጋሽ ዘርጋው ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ነው፤ ያለ መግቢያ፣ ትዕግሥቱ እንዳለቀ ሰው። ቢማረሩም አይፈረድባቸውም። ምንይችል ካሸነፈ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። ላቡ አልደረቀም፣ ጓንቱ ከእጁ አልወጣም። የመልበሻ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አሰልጣኙን የጠየቀው ግን ያንኑ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከድሮው ሻምፒዮን እኔ አልበልጥም?» ይህን በልምምድ ላይ ጠይቋል። ሚዛን ላይ ቆሞ ጠይቋል። ባለፈው ወር ደግሞ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት ጠይቋል።

«ጓንቴንም ይፍቱልኝ» አለ ጨምሮ።

«ቆይ። መጀመሪያ ስማ። አንድ ቦክሰኛ ነበረ ብያለሁ።»

ይህ ቦክሰኛ አሥራ አራት ጊዜ ተጋጥሞ አሥራ አራቱንም በዝረራ አሸንፏል። በአገሩ የሚቋቋመው ጠፋ። ግን አንድ ነገር ሆዱን ይበላው ነበር። አሸንፎ ከአዳራሹ ሲወጣ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይተያያሉ። አንዱ «ጎበዝ ነው» ይላል። ሌላው «ጎበዝስ ጎበዝ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ግንዱ ቢሆን ግን…» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ግንዱ የድሮው ሻምፒዮን ቅጽል ስም ነው። ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ያሸነፈውም ዘጠኝ ሰው ነው። ዘጠኝ!

ሙት ቀስቅሶ አይገጥም ነገር፣ ቦክሰኛው ምን ያድርግ? ወረቀት አወጣና ጻፈ። ክብደት ከክብደት፣ ክንድ ከክንድ፣ በስንተኛው ዙር፣ በስንት ደቂቃ። በሁሉም ይበልጣል። ወረቀቱን አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ጀመር፤ ሠርግ ቤት ሳይቀር ያወጣዋል። ሰዎች ያነቡና «እውነት ነው» ይላሉ። አጣጥፈው ይመልሱለትና፣ «ግንዱ ቢሆን ግን…»

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣለት። ግንዱ ከጣላቸው ዘጠኝ ሰዎች አንዱ በሕይወት አለ፤ ጫማ ሰፊ ነው ተባለ። ተመልካች ያጋንናል፤ ቡጢውን የቀመሰ ግን ልኩን ያውቃል። ሄጄ ከአፉ እሰማለሁ፣ ሬዲዮ ጣቢያ እወስደዋለሁ፣ ነገሩም ያበቃል አለ።

ጫማ ሰፊው አርጅቷል። ሱቁ ሁለት ሰው አታስቀምጥም። በሯ ላይ ቆዳው የተሰነጣጠቀ ጥንድ ቀይ ጓንት ተሰቅሏል። የግንዱ ጓንት መሆኑን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አባባ፣» አለ ቦክሰኛው፣ «ግንዱ እውነት እንደሚሉት ነበር?»

ሽማግሌው መርፌውን አላቆመም። «ምን ይላሉ?»

«ፈጣን ነበር ይላሉ።»

«ኧረ ዘገምተኛ ነበር! እሱ ዞሮ እስኪመጣ ሻይ ታፈላለህ።»

ቦክሰኛው ጠጋ አለ። «ቡጢውስ?»

«ቀኙ ደህና ነበረች። ግራው እንኳ እንዲያው እንዳትጎድል ነው።»

«እኔ ብገጥመው ኖሮስ?»

ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «በሦስተኛው ዙር ትጥለው ነበር» አለ።

ቦክሰኛው ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። «እንግዲያው ይነሱ! ሬዲዮ ጣቢያ እንሂድ። ይህንኑ ይናገሩ!»

«አልሄድም።»

«ለምን? ውሸት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው። ይልቅ እጅህን አምጣ።»

ጓንቶቹን ከምስማሩ አወረደ። ቦክሰኛው የግንዱን ጓንት ሊያለብሰኝ ነው፣ ይህ ማለት ዘውድ ነው ብሎ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ሽማግሌው ማሰሪያውን ሳበ፣ አጠበቀ፣ አዞረ፣ በሙያው የሚያውቀውን ቋጠሮ ቋጠረ፣ በላዩ ላይ ሰም ቀባበት። ከዚያ ወደ መርፌው ተመለሰ።

«አሁንስ?» አለ ቦክሰኛው።

«አሁንማ ሂድ።»

«ይፍቱልኝ እንጂ!»

«ባለፈው የጣልከው ሰውዬ፣ ጓንቱን ማን ፈታለት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እኔ ግን የኔን ማን እንደፈታልኝ አውቃለሁ» አለ ጫማ ሰፊው። «ዓይኔ አብጦ ተዘግቶ ነበር። ሕዝቡ ግንዱን ተሸክሞ ወጥቷል፤ አሰልጣኙም፣ ውሃ አቀባዩም አብረው ወጥተዋል። እኔ በሁለት የታሰረ እጅ ተቀምጫለሁ። ከትከሻቸው ወርዶ፣ የራሱን አስፈትቶ፣ ተመልሶ መጣ። ይህን ጓንትም ያኔ ነው ትቶልኝ የሄደው።»

ከዚያ በኋላ ቦክሰኛው ቢለምነውም ቢቆጣውም መስፋቱን ቀጠለ።

አትቁነጥነጥ፣ ምንይችል። አፍንጫህን በክንድህ እከከው። ገና አልጨረስኩም።

ቦክሰኛው ማሰሪያውን በጥርሱ ሞከረው፤ ሰሙ አፉ ውስጥ ቀረ። በምላጭ እንዳያስቆርጠው የግንዱ ጓንት ነው፣ ማሰሪያውም የግንዱ ነው፤ ቀንቶ ቆራረጠው ይባላል። እየተንጨረጨረ ወደ መንገድ ወጣ።

ሻይ ቤት በር ላይ ደጋፊዎቹ ተሰብስበዋል። «ሻምፒዮን! ኧረ የግንዱን ጓንት ለብሷል!» ብለው ጮኹ። «ፍቱልኝ» ሲላቸው «ቆይማ፣ አንድ ፎቶ!» አሉት። በግራው ቆሙ፣ በቀኙ ቆሙ። አንዱ አገጩን ለጓንቱ ሰጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ፎቶ ተነሳ። ሻይ አቀረቡለት፤ ብርጭቆው እጁ ላይ አልቆይ አለ፤ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተስፋ ቆርጦ ዝም አለ። አፍንጫው ላይ ዝንብ አረፈችበት። ዝንቧን እመታለሁ ሲል ራሱን መታ፤ እነሱም አጨበጨቡ።

«እናንተ ሰዎች፣ እባካችሁ ፍቱልኝ!»

አንዱ ጥቂት ታገለና «ይሄማ የሰይጣን ቋጠሮ ነው» ብሎ ተወው። ከዚያ ጓንቱ ለማን የበለጠ ልክ ነው በሚል ክርክር ተነሳ። ሁለት ደጋፊዎች አንገት ለአንገት ተናነቁ። ከኋላ አንድ ድምፅ «ግንዱ ቢሆን ግን…» አለ።

ያኔ ጥሏቸው ሄደ።

ወዴት እንደሚሄድ አላሰበበትም። እግሩ ወስዶ ወፍጮ ቤት በር ላይ አቆመው። ባለፈው እሑድ የጣለው ሰው እዚያ ጆንያ ይሸከማል። በሩን በጓንቱ ደበደበ። ሰውዬው ዱቄት ለብሶ ወጣ፤ ከንፈሩ ገና አልዳነም። መጀመሪያ ያየው ጓንቱን ነው።

«እንዴ! አልጠገብክም?»

«ፍታልኝ» አለ ቦክሰኛው። ሁለት እጁን ዘረጋለት። «ውሃ ጠምቶኛል።»

ሰውዬው አልሳቀም። ጆንያ ላይ አስቀመጠውና በጣሳ ውሃ አመጣ፤ ራሱ ይዞ አጠጣው። ከዚያ ተንበርክኮ ቋጠሮውን ያዘ። የጆንያ አፍ ሲያስርና ሲፈታ የኖረ እጅ ነው፤ አልቸኮለም። ቦክሰኛው ከላይ ሆኖ ዱቄት የለበሰ አናቱን ያያል። ይህን ሰው በቅጡ አይቶት አያውቅም ነበር፤ ሲወድቅ እንጂ።

«ያን ቀን፣ ያንተን ማን ፈታልህ?»

«ዘበኛው።» ሰውዬው ከቋጠሮው ቀና አላለም። «አዳራሹን ሊቆልፍ ፈልጎ ነው። ግን ደግ ሰው ነው፤ አፍንጫዬንም ጠረገልኝ።»

አንዱ ተፈታ። ሌላውም ተፈታ። ቦክሰኛው እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ያቺ ወረቀት በሻይ ርሳ አገኛት። አላወጣትም። «ይሄ ጆንያ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ተነሳ።

ጋሽ ዘርጋው ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ምንይችል ጠበቀ። ቀጣይ እንደሌለው ሲገባው ጊዜ፣

«ታዲያ ማን ይበልጣል?» አለ።

«እግዚኦ!» አሉ ጋሽ ዘርጋው፤ ግንባራቸውን ያዙ። «ያ ቦክሰኛ አንተ ነህ! ያቺ ወረቀት ይህች ጥያቄህ ናት! ፈጣን ነህ፤ ቡጢህ ከድሮዎቹ ይከብዳል፤ ጫማ ሰፊው ለዚያኛው እንዳልካደው እኔም አልክድህም። ግን የድሮውን ሰው ስም እስከ ዛሬ ያቆየው የጣላቸው ሰዎች አንደበት ነው። ያንተንስ ማን ያቆየዋል? ፎቶ የሚነሱት? ዛሬ የጣልከው ሰው ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጧል። ወደ አንተ የዘገየሁት የሱን ጓንት ስፈታ ነው። ለምን አንተ አልፈታህም አልልህም፤ ያንተም እጅ ታስሯል። ግን ዞር ብለህ አላየኸውም። የእሱ ቁስል ሳይደርቅ አንተ ስለ ሙት ትጠይቀኛለህ።»

ምንይችል ጓንቶቹን አየ። ጣቶቹ ውስጥ ውስጡን ደንዝዘዋል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ይቆጠቁጠዋል።

«እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። አሁን ይፍቱልኝ።»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን እያነሱ። «በሩ ያውልህ። በክርንህ ግፋና እሱን ለምነው።»