የይመኙሻል እንጥል

ብዙ ሰው እንጥልን የሚያስታውሳት ሲደነግጥ ብቻ ነው፤ «እንጥሌ ዱብ አለ» ይልና ከላንቃው ጫፍ የተንጠለጠለችውን ያችን ታናሽ ሥጋ ወዲያው ይረሳታል። ቀድሞ ግን የሰው ድምፅ ሲጎረንን ወይም ሳል ሲጸናበት «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ወጌሻ ተጠርቶ በፈረስ ጭራ ቋጥሮ ይቆርጣት ነበር። ሽማግሌዎች ዛሬም ተናጋሪን ዝም ለማሰኘት የሚደክም ሹም ሲያዩ የሚጠቅሱት አባባል የመጣው ከዚሁ ልማድ ነው።

በጎጃም ቆላ፣ በአንዲት መንደር፣ ደርሰህ የሚባል ጭቃ ሹም የሕዝቡን ምንጭ ወደ ራሱ የሸንኮራ ማሳ ጠለፈው። ሰው ሁሉ በየጓዳው አጉረመረመ፤ ይመኙሻል የምትባል ባልቴት ብቻ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ «ውኃችን!» እያለች ስትጮኽ ከረመች። ነገሩ በዋርካው ሥር በሽማግሌዎች ፊት ሊታይ በተቀጠረበት ቀን ድምፅዋ ክፉኛ ሻክሮ መጣች። ደርሰህም ወጌሻውን አያ በላቸውን ይዞ ጠበቃት።

«እኅቴ ይመኙሻል፣ አንጀቴን በላሽው» አለ በለሰለሰ አንደበት። «እንጥልሽ ወርዷል። በላቸው ይቁረጥልሽና ቁስሉ እስኪጠግግ ዝም ብለሽ ተኚ። ክርክሩ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

«ውኃው ግን ይሄዳል!» አለች፤ ጉባኤው ሳቀ።

ከድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች። «ና አያ በላቸው፣ እይ። እናንተም አባቶቼ ቅረቡ፤ ጥርስ ስለሌለኝ የሚከልላችሁ ነገር የለም።»

በላቸው የፈረስ ጭራውን በጣቱ እንደጠመጠመ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተመለከተ። «እንጥሏ ከቦታዋ ናት» አለ።

«ቁረጥ ብዬሃለሁ!» ሲል ደርሰህ ጮኸ። «አለዚያ ነገ ከዚህ መንደር ትወጣለህ!»

ይመኙሻል ብድግ አለች። «ጌታው፣ ጉሮሮዬን ያደረቀው የእርስዎ ሸንኮራ ነው። እንጥሌን ቢያስቆርጡኝ በእጄ አጨበጭባለሁ፤ እጄን ቢያስሩኝ ከደጅዎ ተቀምጬ አፈጥጥብዎታለሁ። ምንጩን ይልቀቁ፤ ያን ጊዜ ድምፄ እንዴት እንደሚጠራ ይሰማሉ!»

በላቸው ወደ ደርሰህ ራመድ አለ። ከዚያም የፈረስ ጭራውን ከጣቱ ፈትቶ በደርሰህ እግር ሥር ጣለው። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን አንሥተው የተጠለፈውን ቦይ ሊደፍኑ ተነሡ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። በላቸው አብሯቸው ሊወርድ ሲል ብቻውን ወደ ቀረው ጭቃ ሹም ዞር ብሎ፣ «ጌታዬ፣ የሰው እንጥል ከማስቆረጥ የራስን ጆሮ መድፈን ይቀላል» አለው።