እንዳያርፍ የተፈረደበት ፓምፕ

አንድ ሹፌር ነበር፤ ልየው ይባላል። ከአንዲት የደጋ ከተማ ተነሥቶ ሰባት ጥምዝ ባለው ቁልቁለት ወደ ቆላው ከተማ የሚወርድ ሚኒባስ ይነዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ አንድ ሰው አልጎዳም። ምክንያቱን ለሚጠይቁት "ጆሮዬ ነው" ይል ነበር። በእሱ እምነት ድምፅ ያለው ነገር ይሠራል፤ ድምፅ የሌለው ነገር ወይ ሰንፏል ወይ ሞቷል። የቤቱ የግድግዳ ሰዓት እንኳ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነበር።

ከመኪናው ድምፆች ሁሉ አብልጦ የሚወደው የፍሬኑን ፓምፕ ነበር። ይህ ፓምፕ አየር እየሳበ የፍሬኑን ፔዳል ለእግር የሚያቀልል ትንሽ ብረት ነው። ከሞተሩ ጋር ስለተያያዘ ሞተሩ ሲዞር ይዞራል፤ ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም ቸክ ቸክ ቸክ ሲል ይውላል። ልየው ይህን ሲሰማ "ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው" እያለ በኩራት ይነዳ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ፓምፑ ዘይት ሲያለቅስ ቆይቶ ጸጥ አለ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ልየውም በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ ጋራዥ ደረሰ። ሌላ ሳምንት ቢሆን ይህን ያህል ባልደነገጠ። በዚያው እሑድ ግን የእኅቱ ልጅ ውባለም ልትዳር ነው። የሙሽራው አባት አቶ ደርበው "ከቆላ አዲስ መኪና ከነሹፌሩ እልካለሁ" ሲሉ፣ ልየው በሽማግሌዎች ፊት ተነሥቶ "ቁልቁለቱን የማያውቅ እጅ የእኅቴን ልጅ አይወስዳትም፤ ሙሽሮቹን የማወርደው እኔ ነኝ" ብሏል። አሁን ያ ሁሉ ቃል በአንድ ቁራጭ ብረት ላይ ተንጠለጠለ።

ጋራዡ የትርንጎ ነበር። ትርንጎ የሙሽሪት አብሮ አደግ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ መካኒክ።

"ጋሼ ልየው፣ ይህ ሰውዬ ጡረታ ወጥቷል" አለች አሮጌውን ፓምፕ በጨርቅ ይዛ። "አምሳያው ገበያ ላይ የለም። እኔ ጋ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።"

"በኤሌክትሪክ? እንደ አምፖል?"

"እንደ አምፖል። ሞተሩን አይጠብቅም፤ ጉልበቱን ከባትሪ ያገኛል። ይቺ ስዊች ደግሞ አለቃው ናት። የሳበው ሲጎድል 'ተነሥ' ትለዋለች፤ ሲሞላ 'በቃህ፣ እረፍ' ትለዋለች።"

"እረፍ?" አለ ልየው። ቃሉ አልጣመውም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሥራው አለቀ። ልየው ፔዳሉን ቢረግጠው እንደ ቅቤ ለሰለሰለት፤ ደስ ብሎት መሪውን ሊስመው ምንም አልቀረው። አዲሱ ፓምፕ ዝዝዝ ብሎ ተነሣ፤ ትንሽ ሠራና ዝም አለ።

"ሞተ!" አለ ልየው።

"አልሞተም፤ ሞልቶለት ነው። ደግመህ ርገጠው።"

ረገጠው፤ ፓምፑ ተነሣ፤ ሠራ፤ ዝም አለ።

"አየህ?"

"አየሁ። ግን አልሰማሁም" ብሎ ሄደ።

ዓርብ ዕለት ልየው ሥራ ጀመረ። ፍሬኑ በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ጥሩ ሆኖ አያውቅም፤ ሹፌሩም በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። ፓምፑ ዝም ባለ ቁጥር ሊቀሰቅሰው ፔዳሉን ይረግጣል። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር አሥራ ሁለቱ ተሳፋሪዎች በአንድነት ጎንበስ ቀና ይላሉ።

"ኧረ ልየው!" አለች እንቁላል ነጋዴዋ። "እንቁላሌን ገበያ ታደርስልኛለህ ወይስ እዚሁ መትተህ ትጠብሰዋለህ?"

"ተይው" አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። "ቁልቁለቱን እጅ እየነሣን ነው፤ ከፍርሃት አክብሮት ይሻላል።"

መኪናው በሳቅ ሞላ። ልየው ብቻ አልሳቀም።

ቅዳሜ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄደና "ይቺን ስዊች እለፋትና ሽቦውን በቀጥታ አገናኝልኝ" አለው።

"መካኒኳ ታውቃለች?"

"መኪናው የኔ ነው" አለ ልየው። ይህ መልስ የሚሰጠው ሌላ መልስ ሲጠፋ ነው።

ሽቦው ተገናኘ። ፓምፑ ዝዝዝ ማለት ጀመረ፤ አላቆመም። ልየው ፊቱ በራ። "እንዲህ ነው እንጂ!" እያለ ከፓምፑ ጋር እያንጎራጎረ ቤቱ ገባ።

እሑድ ሚኒባሱ በሪባንና በፊኛ አጊጦ ሙሽሪት ቤት ደጃፍ ቆመ። ምሳው ተበላ፤ ሽማግሌዎች መረቁ፤ ሲመርቁም አልቸኮሉም። ልየው በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተሩን አላጠፋም። ፓምፑ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደ ታሰረ ንብ ሲያጉረመርም ቆየ። ልየውም በየመካከሉ እየወጣ ያዳምጠውና ረክቶ ይመለሳል።

ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ተሳፈሩ። ትርንጎም በሐበሻ ቀሚስ አምራ፣ ከበሮዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። ገና ከመንደሩ ሳይወጡ ዘፈኑ መስኮቶቹን ያንቀጠቅጥ ጀመር። ከቁልቁለቱ በፊት ያለው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ልየው ጆሮውን ቢያቀና ከበሮና እልልታ ብቻ ሆነበት።

"ዝም በሉ!" ብሎ ጮኸ።

በሠርግ ቀን ዝም በሉ የሚል አጎት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ዘፈኑ ተቋረጠ።

"አጎቴ፣ ምን ሆንክ?" አለች ሙሽሪት።

"ፓምፑን ልስማው።"

"ምነው ጋሼ" አለ አንደኛው ሚዜ፣ "የምንድረው ውባለምን ነው ወይስ ፓምፑን?"

መልስ የሰጠው ሽታው ነበር። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መኪናውን ሞላው። የፓምፑ ድምፅ ወፈረ፤ አቃሰተ፤ ተቋረጠ። ልየው ፔዳሉን ረገጠ። አንዴ ታዘዘው፤ ሁለቴ ታዘዘው፤ በሦስተኛው ድንጋይ ሆነበት። ደግነቱ ገና ሜዳው ላይ ነበሩ። ፔዳሉ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ መኪናውን አቆመው። ሚዜዎቹ ዘለው ወርደው ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ጣሉ። የመጀመሪያው ጥምዝ ከፊታቸው አንድ መቶ እርምጃ ላይ ነበር።

ትርንጎ እጅጌዋን ጠቅልላ ፓምፑ ያለበትን ከፈተች፤ ሽቦውን አየች፤ ቀና አለች።

"ይህን ማን አሰረው?"

"እኔ ነኝ ያሳሰርኩት።"

"ለምን?"

"ዝም አለብኝ።"

"ጋሼ ልየው፣ አንተ እንቅልፍ በወሰደህ ቁጥር እትዬ ባለቤትህ ሞተ ብላ ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች?"

ሚዜዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ልየው ግን አንገቱን ደፋ። በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ፤ አቶ ደርበው ናቸው።

"ልየው፣ ቆያችሁ። መኪናዋን ልላካት እንዴ?"

ልየው ስልኩን በእጁ ሸፈነና ትርንጎን አያት። "እውነቱን ንገሪኝ። የማይሆን ከሆነ ቃሌን እውጣለሁ። የእኅቴን ልጅ በእልህ አላወርዳትም።"

ትርንጎ ይህን ስትሰማ የምላሷን ስለት መለስ አደረገች። "የተቃጠለው ፊውዙ ነው። ፓምፑን ሊያድን ራሱን ሠዋ። ይቀዝቅዝና እናየዋለን፤ ካልሆነ ደፍረህ ትነግራቸዋለህ።"

"አቶ ደርበው" አለ ልየው፣ "አንድ ሰዓት ይስጡኝና እርግጡን ልንገርዎ።"

ሠርገኛ ግን አንድ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ አያውቅም። ከበሮው ወረደ፤ ሙሽሪትና ሙሽራው መንገድ ዳር ጨፈሩ። ከታች ሲያቃስት የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር "ምን ተበላሸ?" ብሎ ቆመ፤ የተበላሸውን ሳይሰማ እስክስታ ውስጥ ገባ። በኋላ የደረሰውም አውቶቡስ ተሳፋሪዎቹን አራገፈ። በዚያ ሜዳ ላይ ካልተጠራው የተጠራው አነሰ።

ሌሎች ሴቶች ኩል በሚይዙበት ቦርሳ ትርንጎ ትርፍ ፊውዝ ይዛ ነበር። ፓምፑ ሲቀዘቅዝ ፊውዙን ቀየረች፤ ሽቦውን ፈትታ ስዊቿን ወደ ቦታዋ መለሰች። "አሁን አሥር ጊዜ ርገጥ።"

ልየው ረገጠ። ፓምፑ ተነሣ፤ ሠራ፤ ዐረፈ። አሥር ጊዜ ተረገጠ፤ በተፈለገ ጊዜ አልቀረም፣ በማያስፈልግ ጊዜ አልቆየም። ሜዳው ላይ እየነዱም ሞከሩት፤ ያው ነው።

"ታምነዋለህ?" አለችው።

"ጆሮዬ አያምነውም።"

"ጆሮህን ተወው። እግርህስ?"

ልየው ፔዳሉን አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ረገጠው። "እግሬ ያምነዋል።"

"እንግዲያው በእግርህ ንዳ።"

ወረዱ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጥምዞቹን አንድ በአንድ እየተቀበሉ፣ ዘፈኑ ጣራውን ሊያነሣ እየደረሰ ወረዱ። ፓምፑ የት ላይ እንደሠራ፣ የት ላይ እንዳረፈ የሰማ የለም። አራተኛው ጥምዝ ላይ ልየው አንድ የተሳሳተ ዜማ ከሁሉም በላይ ሲጮህ ሰማ፤ ቢያጣራ የራሱ ድምፅ ሆኖ አገኘው።

አቶ ደርበው ከበር ወጥተው ተቀበሏቸው። "ምን አስቆያችሁ?"

"አንድ ሠራተኛ ሳሳርፍ ነው" አለ ልየው፤ ሙሽሪትንም እጇን ይዞ አወረዳት።

ብዙዎቻችን ሥራን የምንለካው በድምፁ ነው። ሲሮጥ የዋለውን ታታሪ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰነፍ እንለዋለን። የሁለተኛው ሥራ በሰዓቱ መድረሱን ግን ማየት እንረሳለን። ማረፍ ከሥራው የተሰረቀ ጊዜ ሳይሆን የሥራው እኩሌታ ነው። ዕረፍት የነሣነው ጉልበት እየጮኸ ያስደስተን ይሆናል፤ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ግን አይገኝም። የታመነ ረዳት የሚታወቀው ስንሰማው ሳይሆን ስንደገፈው ነው።

እስቲ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ቤታችሁንና መሥሪያ ቤታችሁን ተመልከቱ። "በቃህ፣ እረፍ" የሚለው አጥቶ ሦስት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሦስት ዓመት ሙሉ ያጉረመረመ ማን አለ? ምናልባትስ እናንተው ራሳችሁ ትሆኑ?