ለአቶ ዘርጋው ኮምፒውተር የተሰጠ ምክር

የወረዳው ሹም አቶ ዘርጋው ለቤታቸው አዲስ ኮምፒውተር ገዙና ጎረቤቱን ጠርተው አሳዩ። ሁሉም ሲያደንቅ አንዲት ምላሰኛ ጎመን ሻጭ ብቻ አላደነቀችም። በየስብሰባው «ቧንቧው መቼ ይገባል?» እያለች ታስቸግራቸው ስለነበር፣ አቶ ዘርጋው ዛሬ በነገር ሊይዟት ፈለጉ።

«ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ሰው ተጨማሪ ሜሞሪ፣ ማለት የፋይል ማስቀመጫ፣ ካልገዙ ይለኛል። አንቺ ምን ትያለሽ? ግዛ ብለሽ ባዶውን ቢቀር፣ አትግዛ ብለሽም ያለው ቢሞላ፣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አሏት።

ሴትየዋም ነጠላዋን አስተካክላ፣

«ጌታዬ፣ ምን ሊያስቀምጡበት ነው? የገቡልንን ቃል ከሆነ፣ ያለው አይበቃምና ይግዙ። የፈጸሙትን ከሆነ ግን አብሮት የመጣው ይተርፍዎታል» አለች።

ጎረቤቱ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል፣ ቀድመው የሳቁት የአቶ ዘርጋው ባለቤት ነበሩ።